ዊተን ፓርክና ብሩክሳይድ ጋርደንስ፦ ትንንሽ ልጆች ላላችሁ፣ በተለይ ደግሞ አያት ከአገር ቤት ለመጣችላችሁ

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና ዙሪያዋ ያላችሁ ወላጆች፣ ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የት እንሂድ እያላችሁ የምትጨነቁ ከሆነ እኔ ዓይኔን ሳላሽ የምመክራችሁ ዊተን ሪጅናል ፓርክን ነው፣ ብሩክሳይድ ጋርደንስ ከሚባለው የአትክልት ቦታ ጋር። ብዙ ሐበሻ የፓርኩን ትንሽዬ የመዝናኛ ባቡር ያውቀዋል፣ ልደት ተጠርቶ ሄዶ ያውቃል፣ ጋርደኑን ደግሞ የሙሽራ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ብሎ ነው የሚያውቀው፣ ሁለቱ እዛው አንድ ፓርክ ውስጥ መሆናቸውን ግን የማያውቅ ብዙ ሰው አጋጥሞኛል። አንድ ላይ ስታደርጓቸው ነው ቦታው ለቤተሰብ ሙሉ የሚሆነው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ ቤት አራት ዓመቷን የያዘች ሴት ልጅ አለች፣ ገና መሮጥ የጀመረ ወንድ ልጅ አለ፣ ከደብረ ማርቆስ ልጠይቃችሁ ብላ የመጣች እናቴ አለች፣ እሷ ጉልበቷን ያማታል ብዙ መቆም አትችልም። እዚህ አገር ለልጆች ጥሩ ነው የሚባለው ቦታ ሁሉ ለእሷ ስቃይ ነው። ዊንተር ላይ አንድ የቤት ውስጥ መጫወቻ ወስደናቸው ነበር፣ ልጆቹን ለመጠበቅ የምትገባዋ አያትም መክፈል አለባት ተባልን፣ ካልሲውም እዛው የሚሸጠው ካልሆነ አይቻልም አሉን፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል፣ መቀመጫ የለም፣ እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ «እናንተ ተጫወቱ እኔ ደህና ነኝ» ስትል አንጀቴን በላችው። ከዛን ቀን ወዲህ ቦታ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው አያት የምታርፍበት ጥላ አለ ወይ የሚለውን ነው።

እና ዊተን ፓርክ። ከ500 ኤከር በላይ የሆነ ቦታ ስለሆነ ዝም ብላችሁ የፓርኩን ስም ጂፒኤስ ላይ ከጻፋችሁ የማትፈልጉት በር ላይ ሊያወርዳችሁ ይችላል፣ ባቡሩና ትልቁ መጫወቻ በሾርፊልድ ሮድ በኩል ነው፣ ጋርደኑ ደግሞ በግሌናለን አቬኑ በኩል። በእግር መንገድ ይገናኛሉ ግን በትንሽ ልጅ እግር ሩቅ ነው፣ መኪናውን አንቀሳቅሳችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ፓርኪንግ ነፃ፣ መግቢያ ነፃ፣ ሁለቱም ጋ። ይሄ በዲሲ ዙሪያ ትልቅ ነገር ነው፣ ዲሲ ብዙዎቹ ሙዚየሞች ነፃ ናቸው እውነት ነው ግን ፓርኪንጉ ያስለቅሳል።

ባቡሩ በ1863 የተሠራ ሲ ፒ ሀንቲንግተን የሚባል የእንፋሎት ባቡር አምሳያ ነው፣ ትንሽዬ ግን ትልቅ ሰውም የሚጭን፣ ጫካ ለጫካ አሥር ደቂቃ ያህል ዞሮ ይመልሳችኋል። ለልጅ አሥር ደቂቃ ልክ ናት፣ ሳይሰለች ያልቃል። አጠገቡ የሚሽከረከሩት ፈረሶች አሉ፣ ካሩሰሉ፣ እሱ ደግሞ በ1915 የተሠራ የእንጨት ሥራ ነው፣ ድሮ ዲሲ ናሽናል ሞል ላይ ነበር። በእጅ የተቀረጸ ስለሆነ የፈረሶቹ ፊት ጥርሳቸው ሳይቀር ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ያስገርማል፣ ከፈረሶቹ መሃል የሜዳ አህያም አለ፣ የኔ ልጅ ሁሌ እሱን ፍለጋ ነው የምትሮጠው። ፈረስ ላይ መቀመጥ ለማይችል ሕፃንና ጉልበቷን ለሚያማት አያት ደግሞ እንደ ሠረገላ ሆኖ የተሠራ አግዳሚ መቀመጫ አለው፣ እናቴና ትንሹ አብረው እዛ ላይ ነው የሚዞሩት። ሁለቱም ትኬታቸው ጥቂት ዶላር ነው፣ ግን ዓመቱን ሙሉ አይሠሩም፣ ሙቀቱ ሲመጣ ተከፍተው ብርዱ ሲገባ ይዘጋሉ፣ ስፕሪንግና ፎል ላይ ደግሞ በአዘቦት ቀን ዝግ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከመሄዳችሁ በፊት ሞንትጎመሪ ፓርክስ ዌብሳይት ላይ ሰዓቱን እዩ፣ ልጅን ባቡር ብሎ ወስዶ ዝግ ማግኘት እንዴት እንደሚያደርግ ልጅ ያለው ያውቀዋል።

መጫወቻው በጣም ትልቅ ነው፣ ሸርተቴው በያይነቱ፣ ዥዋዥዌ፣ መንጠላጠያ፣ አሸዋ፣ ሁሉም አለ። ጥሩ ጎኑ ትልልቆቹ ልጆችም አይሰለቹም፣ መጥፎ ጎኑ ደግሞ ያው ትልቅነቱ ነው፣ ሁለት ልጅ በሁለት አቅጣጫ ከሮጠ አንድ ሰው ብቻውን አይችላቸውም። ብቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ፣ በአዘቦት ቀን ጠዋት ሂዱ፣ ወይ ቅዳሜም ከሆነ በማለዳ፣ ልደት አክባሪው ሳይመጣ። ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ አልብሷቸው፣ እኔ ብርቱካናማ ኮፍያ ነው የማደርግላቸው ከሩቅ ይታየኛል። ሐምሌ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ሸርተቴው ቂጥ ያቃጥላል፣ ቁምጣ ለለበሰ ልጅ መጀመሪያ በእጃችሁ ነካ አድርጉት።

ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ጠረጴዛዎች ከነጥላቸው አሉ፣ ድንኳን የመሰሉት ትልልቆቹ መጠለያዎች ግን አስቀድሞ ቡክ ያደረገ ሰው ይኖራል፣ ልደት ለማክበር ካሰባችሁ እናንተም ቀደም ብላችሁ ያዙት፣ አዳራሽ ከመከራየት በብዙ ይረክሳል ልጆቹም አይታሰሩም። እኛ ጠዋት ፍርፍር ሠርተን በዕቃ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ለእማዬ ቡናዋን በፔርሙስ ይዘን ነው የምንሄደው፣ ጾም ከሆነ ደግሞ ሽሮ ፍትፍት፣ እሱም በቀዝቃዛው ለልጆች ይሄዳል። እናቴ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ቡናዋን ስትጠጣ ልጆቹ እየሮጡ መጥተው እየጎረሱ ይመለሳሉ፣ እሷም «ና ጉርሻዬን» እያለች። ቤት ውስጥ አንድ ማንኪያ አልበላም ብሎ የሚያስለቅሰኝ ልጅ እዛ ምን እንደሚነካው አላውቅም፣ ይበላል።

ምግቡን ግን መጫወቻው ጋ ጨርሱ፣ ምክንያቱም ብሩክሳይድ ጋርደንስ ውስጥ ፒክኒክ አይፈቀድም፣ ውሻም ኳስም አይገባም። መጀመሪያ ቅር ይላል፣ ከገባችሁ በኋላ ግን ለምን እንደሆነ ይገባችኋል፣ ንጹህና ጸጥ ያለ ቦታ ነው፣ 50 ኤከር አትክልት፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ክፍት። መንገዱ አብዛኛው ለስትሮለር ይመቻል፣ አግዳሚ ወንበር በየቦታው ስላለ ጉልበት የሚያማው ሰው ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው እያረፈ ሊያየው ይችላል። ኩሬዎቹ ላይ ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ዳክዬ አለ፣ ዝይ አለ (ዝይዎቹን አታባርሩ፣ ጫጩት ሲኖራቸው ይናከሳሉ)፣ የጃፓን ዓይነት ጎጆ ያለበት ኩሬ ደግሞ አለ ለሕፃን የእንቅልፍ ሰዓት ከሱ የተሻለ ቦታ የለም፣ ኩሬውን በስትሮለር ሁለቴ ሳትዞሩት ይተኛል። ለልጆች ለብቻው የተዘጋጀ አትክልት ቦታም አለ።

እማዬ ግን የወደደችው ሽታ ያላቸው ተክሎች ያሉበትን ክፍል ነው። ጎንበስ ብላ አንዱን ቅጠል በጣቷ ዳሰስ አርጋ እጇን አሸተተችና «ውይ የጥብስ ቅጠል እኮ ነው!» አለች፣ ከዛ ልጄን ጠርታ እጇን አስሸተተቻት፣ አያትና የልጅ ልጅ እዛች መደብ ላይ ቁጭ ብለው የሚታሸተውን ሁሉ ሲያሸቱ፣ እማዬ ይሄኛው እኛ ግቢ አለ፣ ይሄ የለም፣ ያኛው ለራስ ምታት ነው እያለች ስታስረዳት ግማሽ ሰዓት ሄደ። እኔ ልጄን አማርኛ ለማስተማር የማልሞክረው ነገር የለም፣ እንዲህ ያለ ትምህርት ግን ከአፕ አይገኝም። መቅጠፍ ክልክል ነው ያው፣ መንካትና ማሽተት ብቻ።

እንዲሁም አንድ ነገር ለትልልቆቹ፣ ከኩሬው ዳር በ2002 በዚህ አካባቢ በስናይፐር ለተገደሉት አሥር ሰዎች የቆመ መታሰቢያ አለ። ያኔ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ነዳጅ ለመቅዳት እንኳን ሰው ጎንበስ ብሎ ነበር። ድንጋዩ ላይ ስማቸው አለ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ስታልፉ ቆም በሉ።

ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ደግሞ ለቢራቢሮው አውጡ። ዊንግስ ኦፍ ፋንሲ ይባላል፣ ከስፕሪንግ ጀምሮ እስከ ፎል ጋርደኑ ባለው የመስታወት ቤት ውስጥ የሚደረግ የቢራቢሮ ትርኢት ነው፣ ትኬት ያስፈልገዋል። በሕይወት ያሉ ቢራቢሮዎች ከኮስታሪካ፣ ከእስያ፣ ከአፍሪካ የመጡ ሳይቀር በራሳችሁ ላይ ይበራሉ። ሞርፎ የሚባለው ትልቁ ክንፉን ሲከድን ቡናማ ነው፣ ዓይን የመሰሉ ክብ ክብ ነጠብጣቦች ያሉበት፣ ሲከፍተው ግን የሚያበራ ሰማያዊ፣ ልጆች አንዱን ቢራቢሮ ሁለት ነው ብለው ይከራከራሉ። አንዱ መጥቶ እማዬ ነጠላ ላይ አረፈ፣ እሷ ደግሞ እንዳይበርባት ትንፋሿን ውጣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ልጄ ደግሞ «እማማ አትነቃነቂ፣ አትነቃነቂ!» እያለች በሹክሹክታ። ስትወጡ ሠራተኞቹ ልብሳችሁ ላይ ተጣብቆ የሚወጣ እንዳይኖር ከፊትም ከኋላም ያዩአችኋል። ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ ስትሮለር አያስገቡም፣ ስለዚህ ሕፃን ካላችሁ ማዘያ ያዙ፣ ውስጡ ሞቃትና እርጥበት ያለው ስለሆነ ጃኬት ደጅ አውልቃችሁ ግቡ፣ ነፍሳት ለሚፈራ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ደጅ ያሉትን አበቦች ላይ ቢራቢሮ አሳዩት፣ ካለቀሰ ገንዘባችሁ ነው የሚባክነው።

መኪና ለሌላችሁ፣ በሜትሮ ሬድ ላይን ዊተን ጣቢያ ወርዳችሁ ከዛ ባስ መያዝ ነው። ራይድ ኦን ባስ ከ2025 ሰመር ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነፃ ሆኗል፣ ሜትሮ ላይም አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች፣ ለአንድ ከፋይ እስከ ሁለት ልጅ፣ አይከፍሉም። ዊተን ጣቢያ ያለው ኤስካሌተር 70 ሜትር ርዝመት አለው፣ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ነው የሚባለው እሱ ነው፣ ለልጅ ራሱን የቻለ መዝናኛ ነው ግን ስትሮለር ከያዛችሁ በፍጹም በእሱ አትውጡ፣ ሊፍት አለ። እናቴን በእሱ ላወጣት ብዬ ታች ቆማ ቀና ብላ አይታ «እኔ እዚሁ ልቅር» ብላኛለች፣ እሷንም በሊፍት።

የማልወድለት ነገር የለም አልልም። ሰመር ላይ ከሰዓት በኋላ የባቡሩ ሰልፍ ይረዝማል፣ የመጸዳጃ ቤቱም ንጽሕና ሰው በበዛ ቁጥር እየወረደ ይሄዳል፣ ዋይፕስና የእጅ ሳኒታይዘር ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ዛፍና ሣር ያለበት ስለሆነ ደግሞ ከሁሉም በላይ መዥገር። ሜሪላንድ ውስጥ «ላይም ዲዚዝ» የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት መዥገሮች አሉ፣ አንዳንዶቹ የሰሊጥ ፍሬ አያክሉም፣ ስለዚህ ቤት ስትገቡ ልጆቹን ገላቸውን ስታጥቡ ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጉልበት ኋላ፣ ከፀጉር ሥር ፈልጉ፣ ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ቅቤ ቀቡት በእሳት አቃጥሉት የሚለውን ተዉት። ቀይ ነገር እየሰፋ ከሄደ ወይ ካተኮሰው ሐኪሙ ጋ ደውሉ። ከመንገድ ወጥተው ጫካ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዝን አይቪ የሚባለውን እንዳይነኩ፣ ልጄን ሦስት ቅጠል ካየሽ እጅሽን ኪስሽ አስገቢ ብዬ ነው ያስተማርኳት።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ። ባቡርና መጫወቻ አንድ ቀን፣ ጋርደንና ቢራቢሮ ሌላ ቀን፣ ትንሽ ልጅ ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ አይችልም፣ እኛም አንችልም። ዊንተር ሲገባ ባቡሩ ቢዘጋም ጋርደኑ ክፍት ነው፣ የመስታወቱ ቤት ሞቅ ያለ ነው፣ ውጪ በረዶ ሆኖ ውስጡ የሙዝ ቅጠል የሚያክል አረንጓዴ ነገር ታያላችሁ፣ ነፃ ነው፣ ጥር ላይ ቤት መቀመጥ ያንገሸገሸው ልጅ ላላችሁ ያንን ያዙ። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ማታ ማታ መብራት የሚያበሩበት ጋርደን ኦፍ ላይትስ የሚባል አለ፣ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ በኦንላይን ግዙ፣ ለሕፃን ብርድ ልብስ፣ ለአያት ወፍራም ካልሲ፣ ገና በመሸ ሰዓት ያለውን ትኬት ምረጡ፣ ልጆቹ ሳይነጫነጩ ጨርሳችሁ ትመለሳላችሁ።