ለዲዛይን የሚሆን የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ፦ የሚገዛው፣ የተመዘገበው ወይስ በነፃ የሚሰላው?

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ፣ በጎንደር ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ለሕንፃ ዲዛይን የሚሆን አክሰሌሮግራም (መሬቱ ሲናወጥ ፍጥነቱ በየቅጽበቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ የሞገድ መዝገብ) የሚያወጣ ፕሮግራም የትኛውን እንግዛ እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፤ አትግዙ።

የሚሸጡት ፕሮግራሞች አብዛኛው ሥራቸው ከሕንፃ ኮዱ ስፔክትረም (በየፔሬዱ፣ ማለትም ሕንፃው አንድ ጊዜ ለመወዛወዝ በሚፈጅበት ጊዜ ልክ፣ የሚጠበቀውን የመናወጥ መጠን ከሚያሳየው መስመር) ጋር የሚገጥም ሰው ሠራሽ ሞገድ ማውጣት ሲሆን፣ ዋጋቸው በዶላር ነው። ዶላሩ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ የተማረረ ሰው በፍላሽ ወደሚዞረው ክራክ (ላይሰንሱ የተሰበረ ቅጂ) ይሄዳል። አንድ ባልደረባዬ ካመጣልኝ እንዲህ ያለ ቅጂ የወጣውን አክሰሌሮግራም የመሬቱን መፈናቀል ለማየት ሁለት ጊዜ ኢንቴግሬት ሳደርገው፣ መንቀጥቀጡ ካበቃ በኋላም መሬቱ መንሸራተቱን አላቆመም፤ ቤዝላይኑን (የሞገዱን የዜሮ መስመር) ማረሙ ፕሮግራሙን ከመልመድ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። ደኅናው ቅጂ እንኳ ቢገኝ፣ ሞገዱ በሁሉም ፔሬድ ላይ ስፔክትረሙን እንዲሞላ ስለሚገደድ ከእውነተኛ መንቀጥቀጥ የበዛ ኃይል ተሸክሞ ይመጣል።

ፒር (PEER) ከተባለው የአሜሪካ የመንቀጥቀጥ ምርምር ማዕከል ዳታቤዝ በነፃ የሚወርዱት እውነተኛ ሪከርዶች ከዚህ እጅግ ይሻላሉ፤ ሆኖም አብዛኞቹ እንደ ካሊፎርኒያ፣ ታይዋንና ጃፓን ካሉ አካባቢዎች የተገኙ ናቸው። የብሮድባንድ ሲሙሌሽን መድረኮችም (ከዝግተኛ እስከ ፈጣን ያለውን ሞገድ በኮምፒውተር የሚያሰሉት) ነፃ ናቸው፤ ነገር ግን የአካባቢውን የከርሰ ምድር ሞዴል ስለሚጠይቁ ለአንድ ሕንፃ አልመክራቸውም።

ምርጫዬ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪው ዴቪድ ቦር ያዘጋጀው ኤስኤምሲም (SMSIM) የተባለው ሞገድ አስሊ ፕሮግራም ነው። ዋጋው ዜሮ ነው፤ በተራ ላፕቶፕ ላይ በአጭር ጊዜ ሠርቶ ስለሚጨርስ መብራት ቢጠፋም ብዙ ሥራ አይባክንም። ማግኒቲዩድ፣ ርቀት፣ ስትረስ ድሮፕ (ስንጥቁ ሲንሸራተት የሚለቀቀው ውጥረት) እና የሞገድ መዳከም ሲሰጠው፣ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣውን ትልቅና ሩቅ መንቀጥቀጥ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ሊነሣ ከሚችለው መጠነኛ መንቀጥቀጥ ጋር ለማነጻጸር ያስችላል (የአፄ ኢያሱ ግንብ በ1704 እ.ኤ.አ. በመንቀጥቀጥ እንደተጎዳ የሚነገረውን ጎንደሬ ሁሉ ያውቃል)። ምንጩን እንደ አንድ ነጥብ ስለሚቆጥር ግን ከስምጡ ስንጥቅ አጠገብ ለሚቆም ድልድይ አይሆንም።

ከዩሮኮድ 8 (ከአውሮፓ የመንቀጥቀጥ ዲዛይን ደንብ) የተወሰደው ኮዳችን ቢያንስ 3 ሞገዶችን ይጠይቃል፤ 7 ከሆኑ ግን ከከፋው ይልቅ የውጤቶቹን አማካይ መጠቀም ስለሚፈቀድ፣ በነፃ ሲገኙ 7 ማውጣት ያዋጣል። ለላይሰንስ የታሰበው ገንዘብ በግንባታው ቦታ የሸር ሞገድ ፍጥነትን (የአፈሩን ግትርነት የሚያሳየውን) ለማስለካት ይዋል፤ ምክንያቱም ለባዛልት አለት የተሰላው ሞገድ ጥቁር አፈር ላይ ለሚያርፍ ሕንፃ እንዳለ አይሠራም፤ የትኛውም ፕሮግራም ያንን ልኬት አይተካም።