«ብርቅዬ የደቡብ አሜሪካ ጌኮ» ተብሎ ለሚሸጥ እንስሳ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ፣ ትንንሽ እንሽላሊቶችን በመስታወት ሳጥን ውስጥ የምታረቡ ወገኖች ሆይ፣ አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ከየት እንደተያዘ ወይም ከየትኞቹ ወላጆች እንደተፈለፈለ በጽሑፍ ያልተገለጸን የደቡብ አሜሪካ ጌኮ (ጌኮ የእንሽላሊት ዓይነት ነው) በብርቅዬ ዝርያ ዋጋ አትግዙ። ከምትከፍሉት ገንዘብ አብዛኛው የሚሄደው ለዝርያው ስም ሲሆን፣ ያ ስም በእነዚህ ጥቃቅን እንስሳት ላይ ብዙ ጊዜ በግምት፣ አንዳንዴም ሆን ተብሎ በሐሰት የተለጠፈ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ የሀገራችን ሰው ከተሳቢ እንስሳት ባዛር ገዝተው ያሳዩኝ ጥንድ ነው። ሻጩ ከኢኳዶር አማዞን የመጡ፣ ጎናቶደስ ከሚባለው የጌኮ ወገን የሆኑ፣ ዝርያቸውም ጎናቶደስ ኮንሲናተስ ነው ብሎ 340 ዶላር ተቀብሏቸዋል፤ በደረሰኙ ላይ ግን የሰፈረው «ጌኮ፣ ሁለት» የሚል ብቻ ነው። ወንዱ ቢጫ ራስ፣ ምንም ምልክት የሌለበት ጠቆር ያለ ገላና ነጭ የጅራት ጫፍ ነበረው። የኮንሲናተስ ወንድ ትከሻው ላይ በጥቁር የተከበበ ነጣ ያለ አግዳሚ መስመር ሊኖረው ይገባል፤ በዚህኛው ላይ የመስመሩ ዱካ እንኳ አልነበረም። እንስሳው ከመካከለኛው አሜሪካ እስከ ሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካ የተለመደው፣ በሰው አማካይነት ደርሶ በደቡብ ፍሎሪዳም የሰፈረው ጎናቶደስ አልቦጉላሪስ ነው። ሴት ተብላ የተሸጠችው ደግሞ ከጎናቶደስ ወገን እንኳ አልነበረችም፤ ከጣቶቿ ሥር ሰፋፊ ማጣበቂያ ያላት፣ የዓይኗ ብሌን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ገና ያላደገች ሄሚዳክቲለስ ማቡያ ነበረች። ማቡያ የትውልድ አገሩ አፍሪካ ሲሆን ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግሮ በየከተማው ግድግዳ ላይ የሚታይ የቤት ጌኮ ነው፤ በየትኛውም ገበያ ያን ያህል አያወጣም። ሁለቱ ሊዳቀሉ ስለማይችሉ እኚህ ሰው ሊመጣ የማይችል እንቁላል ሲጠብቁ ወራት አልፈውባቸዋል።

እንዲህ ያለው ማታለል ለምን እንደሚሳካ መረዳት ያስፈልጋል። ጎናቶደስ የሚባለው ወገን ከ30 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ የወንዶቹ ቀለም እጅግ ደማቅ፣ የሴቶቹና የጫጩቶቹ ግን በአብዛኛው ዝንጉርጉር ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። የጎናቶደስ ቪታተስን ወንድ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በሚወርደው፣ በጥቁር በተጠረዘው ነጭ መስመር ማንም ይለየዋል፤ የዚያው ዝርያ ሴት ግን ከብዙ ሌሎች ዝርያዎች ሴቶች ጋር ብትቀላቀል በፎቶግራፍ ብቻ ለይቶ የሚያወጣት ባለሙያ ማግኘት ይቸግራል። ወንዱም ቢሆን ሲፈራ ወይም ሲበርደው ቀለሙ ስለሚደበዝዝ፣ በላስቲክ ዕቃ ታሽጎ ባዛር ላይ የተቀመጠ እንስሳ መልኩን በትክክል አያሳይም። በዚህ የተነሳ «ቀለሙ ቤት ሲለምድ ይወጣል» የሚለው የሻጮች ቃል ከፊሉ እውነት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ገዢው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ የሚወጣው ቀለም የየትኛው ዝርያ እንደሚሆን ማንም ዋስትና አልሰጠውም።

ሁሉም ሻጭ አጭበርባሪ ነው እያልሁ አይደለም። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከባሕር ማዶ ነው። ለምሳሌ ከሱሪናም ወይም ከጉያና በሚመጣ ጭነት ውስጥ ጎናቶደስ ሁመራሊስና ጎናቶደስ አኑላሪስ ተደባልቀው ሊደርሱ ይችላሉ፤ ሁለቱም በዚያው ደን ስለሚኖሩ «ሁሉም ከአንድ ቦታ የተያዙ ናቸው» የሚለው ማስረጃ ምንም አይፈይድም። በምዕራብ አማዞንም እንዲሁ ሁመራሊስና ኮንሲናተስ በአንድ አካባቢ ይገኛሉ። አስመጪው ወንዶቹን በቀለማቸው ከለየ በኋላ ሴቶቹን በግምት ያከፋፍላል፤ ከእርሱ የገዛው ቸርቻሪ ግምቱን እንደ እርግጠኛ ነገር ይጽፈዋል፤ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ዋጋው በእጥፍ ይጨምራል። የመጨረሻው ሻጭ ቅን ሰው ቢሆን እንኳ ገዢው የሚያገኘው ከአንድ ዝርያ ያልሆነ ጥንድ ነው። ጎናቶደስ በአንድ ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ስለሚጥል የተሳሳተ ጥንድ ይዞ መቆየት ረጅም ጊዜ ያባክናል፤ ተቀራራቢ ዝርያዎች ከተዳቀሉ ደግሞ ዘሩ የተበረዘ ጫጩት በንጹሕ ስም ተሸጦ የሌሎችንም አርቢዎች ልፋት ያበላሻል።

ታዲያ ምን እንይ? ከመክፈላችሁ በፊት የእግሩ መዳፍ፣ የዓይኑ፣ የሆዱና የጅራቱ የታችኛው ገጽ በቅርብ የተነሱ ፎቶዎች ጠይቁ፤ በምስሉ ውስጥም የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይኑር፤ የወንድ ውብ ፎቶ ከሌላ ሰው ገልብጦ መለጠፍ በእነዚህ ማስታወቂያዎች የተለመደ ነውና። ጎናቶደስ ሰፋፊ የጣት ማጣበቂያ የለውም፣ ጥፍሮቹ ተገልጠው ይታያሉ፣ የዓይኑም ብሌን ክብ ነው፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚንቀሳቀሱት ቀን ነው። ሰፋ ያለ ማጣበቂያና ቀጥ ያለ ብሌን ካያችሁ ከሌላ ወገን የሆነ እንስሳ ነው። አንዳንድ አርቢዎች እንስሳው መስታወት ላይ ወጥቶ እንደሆነ በማየት ይለያሉ፤ ይህ ግን አስተማማኝ አይደለም፣ ምክንያቱም ሁመራሊስ ማጣበቂያ ባይኖረውም በጣቶቹ ሥር ባሉት እጅግ ደቃቅ ፀጉሮች ለስላሳ ገጽ ላይ መያዝ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ታይቷል። የእንቁላሉ ብዛትም ይጠቅማል፤ ሁለት ሁለት እንቁላል የምትጥል «ጎናቶደስ» ካለች ስሟ ሐሰት ነው።

ጅራቱን በተለይ ልብ በሉት። ተመራማሪዎች የጎናቶደስ ዝርያዎችን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ በጅራት ሥር ያሉት ቅርፊቶች አደራደር ነው፤ ተቆርጦ እንደገና የበቀለ ጅራት ግን ይህን አደራደር ያጣል፣ እንደ አልቦጉላሪስ ያለው ዝርያም ነጩን ጫፍ ያጣል። ስለዚህ የወንዱም የሴቷም ጅራት እንደገና የበቀለ ከሆነ ሻጩ ዝርያውን በምን እንዳወቀ ጠይቁት። ከዚያ ያለፈው ልየታ፣ ማለትም በወገብ ዙሪያና በሆድ ያሉ ቅርፊቶችን መቁጠር፣ ከጣት ሥር ያሉትን ሰሌዳዎችና ከዓይን በላይ ያለችውን ጥቃቅን እሾህ መመርመር፣ ማጉያ መሣሪያና ልምድ ይፈልጋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ በደረቀ ቅጠል ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ ጌኮዎች ሽያጭ ነው። ቻቶጌኮ አማዞኒከስ አድጎ ሲያበቃ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መነሻ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከግማሽ የማይሞላ ሲሆን፣ ኮሊዮዳክቲለስ፣ ሲውዶጎናቶደስና ሌፒዶብሌፋሪስ የሚባሉትም ጥቃቅን ናቸው። እነዚህን ወገኖች እርስ በርስ የሚለያቸው ጥፍራቸውን የሸፈኑት ቅርፊቶች አሠራር ነው፤ ይህን በባዛር ጠረጴዛ ላይ በዓይን ማየት አይቻልም። ቻቶጌኮ አማዞኒከስም ራሱ በዘረ መል ሲመረመር በአማዞን ውስጥ እርስ በርስ እጅግ የተራራቁ የዘር ሐረጎች እንዳሉት ስለተገኘ፣ የተያዘበት ቦታ ካልታወቀ ሙሉ ስሙ እንኳ ትርጉሙ ይጎድላል። ሻጮች ግን አንዱን በሌላው ስም፣ አልፎ አልፎም አዋቂውን እንደ ጎናቶደስ ጫጩት አድርገው ያቀርቡታል። ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይቆምም። ለጎናቶደስ የተዘጋጀ፣ አየር የሚያናፍስ፣ ግንድ የቆመበት ሳጥን ውስጥ የገባ የቅጠል ጌኮ ገላው እጅግ ትንሽ በመሆኑ ቶሎ ይደርቃል፤ የፍራፍሬ ዝንብም ለአንዳንዶቹ ትልቅ ስለሚሆን በምግብ መካከል ይራባሉ። እንስሳው ሲሞት ሻጩ «አያያዝ አታውቅም» ይላል።

የሕጉን ነገር ቀለል አድርጋችሁ አትዩ። በሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ፣ ዩኒየን ደሴት ላይ ብቻ የሚገኘው ጎናቶደስ ዳውዲኒ ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ ሲሆን ከ2019 ጀምሮ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቲስ ስምምነት አንደኛ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ከዱር የተያዘው በንግድ ድንበር ማቋረጡ ተከልክሏል። አንድ ሰው ያለ ሰነድ ቢያቀርብላችሁ ወይ ስሙ ሐሰት ነው፣ ወይ እንስሳው የተሰረቀ ነው። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 5197 ከተፈቀደላቸው ማራቢያዎች ውጭ በዱር እንስሶቿ መነገድን ከልክላለች፤ በብራዚል ብቻ የሚገኙት ሊጎዳክቲለስ ክሉጌይና ጎናቶደስ ኤላዲዮይ ሲቀርቡላችሁ የመጀመሪያዎቹ ወላጆች በምን ፈቃድ እንደወጡ መጠየቅ መብታችሁም ግዴታችሁም ነው። አሜሪካ ውስጥ የሌሲ ሕግ በሌላ አገር ሕግ ተጥሶ የተያዘን እንስሳ መሸጥን ብቻ ሳይሆን መግዛትንም ጥፋት ያደርጋል፤ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጎ ማወቅ ሲገባው ያላወቀ ገዢም ሊጠየቅ ይችላል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ሙሉ የዝርያ ስሙ፣ ከዱር የተያዘ ወይም በቤት የተራባ መሆኑ፣ የወላጆቹ ምንጭና «ዝርያው ሌላ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ ይመለሳል» የሚለው ቃል በደረሰኙ ላይ ካልሰፈሩ ቀብድም ቢሆን አትስጡ። ክሬዲት ካርድ ከተጠቀማችሁ ክፍያውን ለመከራከር ዕድል አላችሁ፤ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ ገንዘብ በሚላክበት አገልግሎት) ወይም በጥሬ ገንዘብ የተከፈለውን ግን መልሶ ማግኘት በጣም አስቸጋሪ ነው። «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው፣ ዛሬውኑ ወስን» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እንስሳውን ለሌላው ገዢ ተዉለት።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውን፣ የተጻጻፋችሁትንና ደረሰኙን ሁሉ አስቀምጡ፤ እንስሳው ከሞተ ደግሞ አትጣሉት፣ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ቢቀመጥ ቅርፊቱም ዘረ መሉም ሊመረመር ይችላል። ሕያው ከሆነ ዝርያው በሚያውቅ ሰው እስኪረጋገጥ ድረስ አታዳቅሉት፣ ሻጩ በሰጠው ስም ለሌላ አትሽጡት፣ ሳጥኑም ላይ «ዝርያው ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ። በተለይ እንደ ፍሎሪዳ ባለ ሞቃት ግዛት የምትኖሩ፣ ተታለልን ብላችሁ እንስሳውን ወደ ውጭ አትልቀቁት፤ ማቡያም ሆነ አልቦጉላሪስ እዚያ የሰፈሩት ከትውልድ አገራቸው ውጭ ከሰው ጋር ተጉዘው ነው።