መስኮቴ ላይ የሰቀልኩት ጋቢ፦ ስለ ሽሮ ሜዳ የሸማ መጋረጃ

ኮንዶሚኒየም የገባሁ ሰሞን ቤቱ ይጮህ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ጣሪያው ኮንክሪት። ማንኪያ ሲወድቅ ጎረቤት ይሰማል። እንግዳ ሲመጣ ቡናው በረካ ሳይደርስ "በሉ እንግዲህ" ብሎ ይነሳል። መጀመሪያ በሶፋው አሳበብኩ። ቤት ውስጥ ድምፅ የሚውጥ አንድም ወፍራም ጨርቅ እንደሌለ የገባኝ በኋላ ነው።

የሳሎኑ መስኮት ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች። መጀመሪያ የሰቀልኩት የቱርክ መጋረጃ ነበር፤ ወርቃማ፣ ባለ ዘርፍ። ስዘጋው ሲኒማ ቤት፣ ስከፍተው ምድጃ። አወረድኩትና ሽሮ ሜዳ ወጣሁ።

ሽሮ ሜዳን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጡ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አለፍ ብሎ፣ ግራና ቀኙ የአገር ልብስ የተሰቀለበት። እኔ ግን ከአስፋልቱ ገባ ብዬ ሸማኔው ራሱ ቁጭ ብሎ ከሚሠራበት ቤት ነው ያዘዝኩት። እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ሸማኔዎች የጋሞ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ቅሬታም አለኝና።

"ጋሼ፣ መስኮቱ 3 ሜትር ነው፤ ወጥ አድርገው ይሥሩልኝ" አልኳቸው።

ሳቁ። "ልጄ፣ መወርወሪያውን የምወረውረው በእጄ ነው። ሸማ ከእጅ አልፎ አይሰፋም።"

እውነት ነው። ከመወርወሪያው ጉዞ በላይ መስፋት ስለማይችል ጨርቁ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቁራጩ እየተጋጠመ በመርፌ ይያያዛል። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል እንዲሆን ተስማማን። ፈትሉ ወጣ ገባ ስለሆነ ጨርቁ ላይ ትንንሽ ጉብታ ይተዋል። እኔ የወደድኩትም እሱን ነው። ታች ላይ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ጥለት፣ ሌላ ጌጥ የለም። ዋጋው 14,000 ተብሎ፣ ተከራክሬ በ9,400 ብር ተዘጋ።

በ10 ቀን ይደርሳል ተባልኩ። አንድ ወር ከምናምን ፈጀ። እዚህ ላይ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው፤ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" በሚባልበት ሰሞን ማን መጋረጃ ያዝዛል?

የማልምረው ሌላውን ነው። "ጨርቁ ታጥቧል፣ አይገባም" ብለውኝ ነበር። በመጀመሪያው እጥበት አራት ጣት ያህል ከወለሉ ተነሳ። አጭር ሱሪ የለበሰ መስኮት! መልሼ ስወስደው ታች ጥለት ጨምረው አስረዘሙልኝ፤ 600 ብር ግን አስከፈሉኝ። የምታዙ ሰዎች፣ ጨርቁን ሳይሰፋ ተቀብላችሁ ራሳችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ደርቆ ከገባ በኋላ ለልብስ ሰፊ ስጡት። አንዱ መጋጠሚያ ደግሞ ጠማማ ነው፤ ብርሃን ከኋላ ሲመጣበት ይታያል። ተውኩት።

ሌላም አለ። ጥጥ ሽታ ይይዛል። ቅዳሜ የሠራሁት ቁሌት እስከ ማክሰኞ ሳሎን ይቀመጣል። አሁን ወጥ ስሠራ መጋረጃውን ጠቅልዬ ዘንጉ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ታዲያ ይኼ ሁሉ እያለ ለምን ወደድኩት? ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ኑና እዩት። ያቺ ጨካኝ ፀሐይ በፈትሉ አልፋ ስትገባ ብርሃኑ አጓት ይመስላል። ድምፁም ወረደ፤ ስልክ ሳወራ የራሴን ድምፅ መልሼ አልሰማም። ማታውን ለማስተካከል ደግሞ አምፖል ቀየርኩ። ካርቶኑ ላይ 6500 የሚለውን ነጩን አውጥቼ 3000 የሚለውን ቢጫማውን አደረግሁ። ነጩ አምፖል ሸማን የሆስፒታል አንሶላ ያስመስለዋል።

እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ ስታየው ጫፉን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገች። "ይኼ እኮ ጋቢ ነው። ሰው ብርድ እየመታው መስኮት ታለብሻለሽ?" አለችኝ። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ከዚህ በፊት እኔ ቤት ቀን ተኝታ አታውቅም።

አሁን በደወለች ቁጥር፣ ስለ ጤናዬ ጠይቃ ስትጨርስ፣ ያው ጥያቄ ይከተላል፦ "ያንን መጋረጃ መቼ ነው የምትቀይሪው? ስታወርጂው ለሰው እንዳትሰጪብኝ።"