የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የትኛው መሣሪያ ይገዛ?

ልጄ ዥዋዥዌ ሲጫወት የተቀረጸበትን የሃይ 8 (የድሮ ቪዲዮ ካሜራ) ካሴት ወደ ኮምፒውተር አዛውሬ ስመለከተው፣ እንቅስቃሴ የሌለበት ቦታ ሁሉ ጥርት ያለ ነበር። ዥዋዥዌው ሲነሳ ግን ልጁ ወደፊት ይሄድና ጥቂት ወደኋላ ተመልሶ እንደገና ወደፊት ይዘላል። ካሴቱ ደህና ነበር፤ የተዛባው የፊልድ ቅደም ተከተል ነው።

በእነዚህ ካሜራዎች እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም አንዱ ሙሉ ምስል፣ ሁለት ፊልዶች አሉት፤ አንዱ (የላይኛው) የጎዶሎ ቁጥር መስመሮችን፣ ሌላው (የታችኛው) የሙሉ ቁጥር መስመሮችን ይይዛል። የተነሱትም በተለያየ ቅጽበት ነው። ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 25 ፍሬም ስላለ 50 ፊልድ ይሆናል። ቪዲዮውን የሚጨምቀው ፕሮግራም ቀዳሚውን ከሳተ፣ ኋላ የተነሳው ፊት ይታያል። ይህ ይታረማል። ሁለቱ ፊልዶች ተቀላቅለው ከመጡ ግን መልሶ መለየት አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከዋጋም ከመልክም በፊት መሣሪያው ፊልዶቹን ሳይነካ ማድረሱን እዩ።

ካሴታችሁ ሚኒ ዲቪ ወይም ዲጂታል 8 ከሆነ ያለማመንታት ፋየርዋየር ካርድ (ካሜራውን በፋየርዋየር ገመድ ከኮምፒውተር የሚያገናኝ) ግዙ። ካሴቱ ላይ ያለው ዳታ እንዳለ ይተላለፋል፤ ሁለቱም በሚጠቀሙበት የዲቪ አቀራረጽ ደግሞ የታችኛው ፊልድ እንደሚቀድም የታወቀ ነው። ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ አዘጋጁ። የፋየርዋየርን ጫፍ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ተራ ገመድ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ጫፉ ስለገጠመ ብቻ ዳታው አያልፍም።

ቪኤችኤስና ሃይ 8 አናሎግ ስለሆኑ የዩኤስቢ መቅረጫ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ የላይኛውን ፊልድ ያስቀድማሉ፤ ሆኖም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ሞክሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሙሉውን የመስመር ብዛት፣ ማለትም ለፓል 576፣ ኤንቲኤስሲ ለሚባለው ሌላው ሥርዓት 480 የሚቀርጸውን ምረጡ። ግማሹን ብቻ የሚቀርጽ አንዱን ፊልድ ጥሎታል። ብርሃንንና ቀለምን ለየብቻ የሚቀበል የኤስ ቪዲዮ መግቢያ ያለው ይመረጣል።

ምስሉን ወደ 720ፒ ወይም 1080ፒ አሳድጎ በኤችዲኤምአይ የሚያወጣ መቀየሪያም አለ። ለአጠቃቀም ከሁሉም ይቀላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ፊልዶቹን በራሱ መንገድ አዋህዶ ስለሚያወጣ፣ ቢሳሳት የምታርሙበት ጥሬ ዕቃ በእጃችሁ አይቀርም። የቤተሰብ ካሴት ደግሞ ከዓመት ዓመት እየደከመ የሚሄድ ነው፤ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል።

የተዛባ ቅጂ በእጃችሁ ካለ ፈጣን እንቅስቃሴ ያለበትን ቦታ ፈልጉና ፊልዶቹን ለያይታችሁ አንድ በአንድ ወደፊት አሳልፏቸው። የሚንቀሳቀሰው ነገር በየመካከሉ ወደኋላ ከተመለሰ፣ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ፕሮግራሙ ከያዘው ተቃራኒ ነው። ኤፍኤፍምፔግ የተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም «አይዴት» ማጣሪያም ፍሬሞቹን መርምሮ ቀዳሚውን ፊልድ ይጠቁማል። ቀዳሚው ከታወቀ በኋላ ፊልዶቹን ወደ ሙሉ ምስሎች ለመለወጥ፣ ለቀላል ሥራ ሃንድብሬክ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። አቪሲንዝ በተባለው የቪዲዮ ማስተካከያ ፕሮግራም የሚሠራው ኪውቲጂኤምሲ እጅግ የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ ነገር ግን ቀርፋፋ ነው፤ የትኛው ፊልድ እንደሚቀድምም ራሳችሁ ልትነግሩት ይገባል።

ይህ ሳያልቅ የምስሉን ቁመት አትቀይሩ። ከላይ የሚቆረጡት መስመሮች ብዛት ጎዶሎ መሆኑ ብቻውን ቅደም ተከተሉን ያዛባል። የእኔም ጥፋት ይኸው ሆኖ ተገኘ፤ ከላይ ያለውን ጥቁር ጠርዝ ሳነሳ 3 መስመር ቆርጬ ነበር። 4 ሳደርገው ዥዋዥዌው ሳይደናቀፍ ሄዶ ተመለሰ።