የዘንዶ ቆዳ ለኮምፒውተር ኬዝ፦ ስቲከር ወይስ ቀለም?

አዳማ ላይ የኮምፒውተር ኬዝን ዘንዶ ለማስመሰል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ስቲከር ነው። ባጃጅ የሚያስጌጡ ልጆች ጋ ሄደህ ሥዕሉን ታሳትማለህ፣ ታስለጥፋለህ፤ በቃ። ሲሰለችህ ትልጠዋለህ። ግን ጠርዙ በደንብ ካልተለጠፈ በሙቀት ይነሳል፤ የአዳማ አቧራም እዚያ ይገባል።

እኔ የምወደው ቀለሙን ነው። መጀመሪያ የውስጡን ዕቃ በሙሉ ታወጣለህ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ ጥቁር ትቀባዋለህ። ሲደርቅ የሽንኩርት ከረጢት መረብ ወጥረህ በላዩ አረንጓዴ ስፕሬይ ትነፋለህ። መረቡን ቀስ ብለህ ስታነሳው አረንጓዴ ቅርፊቶች በጥቁር መስመር ተከበው ተደርድረዋል። አንጀት ያርሳል! ብቻ ነፋስ ሲኖር አትሞክረው፤ አቧራው እርጥቡ ቀለም ላይ ይለጠፋል። ስቲከርም ይሁን ቀለም፣ የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳ እንዳትደፍን።