ላውንችፓድ ኤፍ28379ዲ፦ በቁጥጥር ምህንድስና ዶክትሬት ለሚሠራ ሰው

የዶክትሬት ምርምሬ የሦስት ፌዝ ሞተር በሚያንቀሳቅስ ኢንቨርተር (ቀጥተኛ ከረንትን ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይር መሣሪያ) ቁጥጥር ላይ በመሆኑ፣ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ላውንችፓድ ኤፍ28379ዲ የማይክሮኮንትሮለር (መሣሪያን የሚቆጣጠር አነስተኛ ኮምፒውተር) ቦርድ ከሁለት ዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። በሲሙሌሽን ያማረ አልጎሪዝም እውነተኛ ሞተር ላይ ሲጫን ምን እንደሚገጥመው በዘርፉ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋልና፣ ቦርዱንም የምመዝነው በዚያ መሻገሪያ ላይ በሚሰጠው አገልግሎት ነው።

በ200 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ዋና ፕሮሰሰሮችና ለቁጥጥር ስሌት የተመደቡ ሁለት ረዳቶች አሉት። እኔን የማረከኝ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ጊዜ አጠባበቁ ነው። ኢንቨርተሩ በ20 ኪሎኸርዝ ሲሠራ አንዱ ዑደት 50 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ይህም ለአንድ ፕሮሰሰር 10,000 የሰዓት ምት ስለሚሆን፣ የኢንቨርተሩን ትራንዚስተሮች ስምንት የማብሪያና የማጥፊያ ሁኔታዎች በየዑደቱ እየገመተ የሚመርጥ አልጎሪዝም ሳይጨናነቅ ይሠራል። ከዚህም በላይ፣ ከረንቱን የማንበቢያ ትእዛዝ ትራንዚስተሮቹን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ከራሱ ከፒደብሊውኤም (የምት ስፋት መቆጣጠሪያ) ክፍል ስለሚመነጭ፣ ንባቡ ትራንዚስተሮቹ ከሚበሩበትና ከሚጠፉበት ቅጽበት ርቆ በዑደቱ መሃል ይወሰዳል። ቀድሞ በሶፍትዌር ትእዛዝ ሳነብ በግራፉ ላይ እንደ እሾህ ይቆም የነበረው የንባብ ስህተት ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ ጠፋልኝ።

በቦርዱ ላይ ያሉት ጃምፐሮች (ትናንሽ ተነቃይ ማገናኛዎች) ሲነሱ የኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ከቦርዱ በኤሌክትሪክ ስለሚለይ፣ በብዙ መቶ ቮልት ለሚሠራ ሰው ላፕቶፑን ከጉዳት ለመጠበቅ ያግዘዋል።

ጉድለት አያጣውም። የማህደረ ትውስታው ትንሹ አሃድ 8 ሳይሆን 16 ቢት በመሆኑ፣ ከሌላ ማይክሮኮንትሮለር የተቀዳ የሲሪያል (መረጃን ቢት በቢት በተከታታይ የሚልክ) ኮድ ያለ ማስተካከያ አይሠራም፤ ይህን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ሰነዱ ግን በግልጽ ጽፎት ነበር። ራሙም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) 204 ኪሎባይት ብቻ ነው። አራት ባለ 4 ባይት ልኬቶችን በ20 ኪሎኸርዝ መመዝገብ በሰከንድ 320 ኪሎባይት ስለሚጠይቅ፣ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። የከረንት ምላሽን ለማየት ይበቃል፤ የፍጥነት ምላሽን ለሚያጠና ግን ንባቡን እየዘለሉ መመዝገብ ግድ ነው።

ገዢው ሊጠነቀቅ የሚገባው የአናሎግ ንባቡ ከ0 እስከ 3 ቮልት ብቻ መሆኑን ነው። እኔ የ5 ቮልት ከረንት ሴንሰር ቮልቴጁን የሚቀንስ ሬዚስተር አከፋፋይ ሳይኖር በቀጥታ አገናኝቼ አንዱን ግቤት አቃጥያለሁ። አገራችን ውስጥ ምትክ ማስመጣት ጊዜ ስለሚወስድ ሁለት አንድ ላይ ማዘዝ ይሻላል፤ የተጎዳው ቦርዴ በቀሩት ግቤቶቹ ዛሬም የቤተ ሙከራችን ጀማሪዎች መለማመጃ ነው።