ለሬዚደንቶች ትምህርት የቱ ይሻላል? የኮተር 8 እርምጃዎች ወይስ ፒዲኤስኤ?

ሆስፒታል ውስጥ የጠዋት ራውንድ (ሐኪሞች እየዞሩ ታካሚዎችን የሚያዩበት) አለ፤ ትምህርቱ ግን የለም። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) የሕክምና ትእዛዝ ሲጽፍ ይውላል፣ የሚያስተምረው ሲኒየር ሐኪም ይቸኩላል። ይህን ለመቀየር ሁለት መንገዶች ይነሳሉ።

ኮተር፦ የአመራር ምሁሩ ጆን ኮተር እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረበው የለውጥ አመራር መንገድ ነው። መጀመሪያ «እንዲህ መቀጠል አንችልም» የሚል ስሜት ይፈጠራል። ከዚያ ለውጡን የሚገፋ ቡድን፣ ራዕይ፣ ፈጣን ድሎች እያለ ለውጡ ልማድ እስኪሆን ይሄዳል።

ፒዲኤስኤ፦ ከዋልተር ሹሃርትና ከኤድዋርድስ ዴሚንግ የጥራት ሥራ የመጣ ነው። ስሙ የአራት እርምጃዎች የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው፦ አቅድ፣ ሞክር፣ አጥና፣ አስተካክል፤ ከዚያ እንደገና።

ወጪ፦ ኮተር የሚበላው የኃላፊዎችን ጊዜ ነው። ፒዲኤስኤን ግን አንድ አስተማሪና ሁለት ሬዚደንቶች ነገ ሊጀምሩት ይችላሉ። ለአንድ ሳምንት ከራውንድ በኋላ የ5 ደቂቃ ግብረ መልስ ይሰጣል። ስንት ቀን እንደተሰጠ ይቆጠራል። ካልሠራ ሰዓቱ ይቀየራል።

አደጋ፦ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኮተር ከላይ ሲወርድ «ደግሞ ሌላ ፕሮጀክት መጣ» ይባላል። ስብሰባው ላይ ሁሉም ይስማማል፤ ሲበተን የድሮው ይቀጥላል። በተለይ ቡድኑ ውስጥ ሬዚደንት ከሌለ። ፒዲኤስኤ ደግሞ በጀመረው ሰው ትከሻ ላይ ያድራል፤ እሱ ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ብዙዎች «አጥና» የሚለውንም ይዘሉታል (እውነቱን ለመናገር፣ እኔም)።

ለማን? የምዘና ሥርዓቱን በሙሉ መቀየር ወይም የማስተማሪያ ሰዓት ማስከበር ከሆነ ያለ ኃላፊዎች አይሆንም፤ ኮተር ይሻላል። የአንድ ዋርድ ራውንድ ከሆነ ፒዲኤስኤ ይበቃል። የኮተርን «ፈጣን ድሎች» በፒዲኤስኤ ዙሮች ማምጣትም ይቻላል፤ እኔ ወደዚህ አደላለሁ።